ሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ኮንዶሚኒየም ፓርኪንግ ውስጥ ሲፈተን (ሪቪው)

ከ5 ኮከብ 2 ተኩል። አስፋልት ላይ ቢሆን 4 እሰጠው ነበር፣ ግን እኔ የምጽፈው ስለ አስፋልት አደለም፣ ስለ ግቢ ፓርኪንግ ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን መኪና ሲገጭ ይሄ መስታወት ላይ የምንለጥፈው ስቲከር ምን ያህል ይጠቅማል ነው ጥያቄው። ሰሚት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ የብሎካችን ኮሚቴ ውስጥ አለሁበት፣ ኮሚቴ መሆን ደግሞ ውሃ ሲጠፋ መሰደብ ፓራውልት (የመኪና የፊትና የኋላ መከላከያ) ሲላጥ መዳኘት ማለት ነው። ስለዚ ከአንድ በላይ ኩባንያ ፋይል በእጄ አልፏል። ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ውላቸው ሁሉም ጋ የሚመሳሰል ነው፣ የማማርረው ሰራተኞቹን ሳይሆን ራሱን እቃውን ነው።

መጀመሪያ ምን እንደገዛችሁ እወቁ። ብዙ ሰው "ኢንሹራንስ አለኝ" ሲል ያለው ሶስተኛ ወገን ብቻ ነው፣ ያ ማለት ያንተ መኪና ኢንሹራንስ የለውም፣ አንተ የምትገጨው ሰው ነው ያለው። ይሄን ስነግራቸው የሚደነግጡ ሰዎች አሉ፣ ለአመታት ሲያድሱ የኖሩ! በ2005 በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሰረት ይሄ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፣ አዋጁ ለንብረት ጉዳት የሚከፈለውን እስከ 100 ሺህ ብር ነበር ያደረገው፣ ከዛ በኋላ ጣሪያው ከፍ ተደርጓል፣ ስለዚ የድሮ ውል ያላችሁ አሁን ስንት ላይ እንዳለ ኩባንያችሁን ጠይቁ። ዋጋው ከሙሉው (የራስህንም መኪና ከሚሸፍነው፣ ኮምፕርሄንሲቭ ከሚባለው) ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፣ በዛ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ሲሰራ ደግሞ ይሰራል፣ ልዋሽ አልፈልግም። አሸዋ ጭኖ የመጣ አይሱዙ በኋላ ማርሽ ሲወጣ የአንድ ጎረቤታችንን ኮሮላ ከኋላ ጨፍልቆት ነበር። ሹፌሩን ማንም አያውቀውም፣ እሱም ማንንም አያውቅም፣ ወዲያው ትራፊክ ተጠራ፣ ፕላን (የአደጋው ንድፍ) ተነሳ፣ ሪፖርቱ ወጣ፣ የኢንሹራንሱ ኢንጂነር መጥቶ አየው፣ ጋራዥ ገባ፣ ተሰርቶ መጣ። ትንሽ ጊዜ ፈጅቷል ግን ማንም ከማንም ጋር አልተኮራረፈም። አሁን ልብ በሉ፣ እንደዚ ያማረው ሰዎቹ ስለማይተዋወቁ ነው። ሲተዋወቁ ነው ጣጣው የሚመጣው።

ጎረቤት ጎረቤቱን ሲገጭ የመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ አንድ አይነት ነው፣ "ኧረ ምንም አደለም፣ እግዜር ነው ያተረፈን፣ ብረት እኮ ነው"። ማን ትራፊክ ይጠራል? አንድ እድር ውስጥ ያሉ፣ ልጆቻቸው አብረው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሰዎች "ቆይ ትራፊክ ይምጣ መኪናህን አታንቀሳቅስ" መባባል ነውር ነው የሚመስላቸው። ስለዚ መኪናው ከቦታው ይነሳል፣ ፎቶ እንኳን አይነሳም፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ተጎጂው ጋራዥ ደርሶ ዋጋ ሰምቶ ይመጣል፣ ከዛ በኋላ ብረትነቱ ይረሳና ብር ይሆናል። ኢንሹራንስ ጋ ሲኬድ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ደግሞ የፖሊስ ሪፖርቱ የት አለ ነው። የለም። ፋይሉ እዛው ይተኛል።

ከሁሉም ያበሳጨኝ ግን ይሄ ነው። እኛ ብሎክ ጡረታ የወጡ አባት አሉ፣ ጠዋት ሲወጡ የአንዲት ነርስ ጎረቤታችንን ቪትዝ ገጩ፣ የኋላ ፓራውልትና መብራት። ማንም አላያቸውም እኮ! ዝም ብለው መሄድ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸው ሶስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው አንኳኩ፣ "ልጄ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሰራልሻለሁ" አሏት፣ ይሄም አልበቃ ብሏቸው ሁለት ምስክር አስፈርመው በወረቀት ሰጧት። ከዛ ኢንሹራንሳቸው ጋ ያንን ወረቀት ይዘው ሄዱ፣ እንደሚመሰገኑ ነው የገመቱት። የተባሉት "ማን ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርም አለህ?" ነው። በብዙዎቹ ፖሊሲዎች (የኢንሹራንስ ውሎች) ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንቀጽ አለ፣ ደንበኛው ኩባንያው ሳይፈቅድ ጥፋተኝነት ማመን፣ ካሳ ቃል መግባት ወይም መስማማት አይችልም የሚል። እሳቸው ደግሞ ሶስቱንም በአንድ ጠዋት አደረጉት። በመጨረሻ ከኪሳቸው ነው የከፈሉት፣ ከጡረታ ብር።

አንቀጹ ለምን እንደተጻፈ ይገባኛል፣ ሁለት ጎረቤት ተስማምተው የቆየ ጭረት "ትናንት ነው የተገጨው" ብለው ቢመጡ ኩባንያው በምን ያውቃል፣ እንደዛ የሚያደርግም አይጠፋም። ግን ውጤቱን ተመልከቱ፣ ገጭቶ ዝም ያለውና "እኔ አላየሁም" ብሎ የካደው ሰው ይሄን አንቀጽ አልጣሰም፣ ሄዶ ይቅርታ የጠየቀው ነው የጣሰው። እኛ ሀገር ላይ ደግሞ ገጭተህ ይቅርታ አለመጠየቅ ከመግጨቱ ይብሳል። አንድ ኮከብ እዚህ ጋ ቀንሻለሁ።

ከዛ በኋላ ኮሚቴው የሚለው እንዲህ ሆኗል፦ ይቅርታ በአፍ የፈለጋችሁትን ያህል ጠይቁ፣ ወረቀት ላይ ግን የሆነውን ብቻ ጻፉ፣ ቀን፣ ሰአት፣ የሁለቱም ታርጋ፣ ማን እየነዳ እንደነበር፣ ምን እንደተጎዳ። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን አትጻፉ፣ እከፍላለሁ አትበሉ፣ በዛው ቀን ለኩባንያው ደውሉ፣ ትራፊክ መጥራት ካፈራችሁ ኮሚቴው ይጥራ በእኛ ይመካኝ። ሰዎች መጀመሪያ ላይ እንደ ተንኮል ነው ያዩት፣ አሁን እየለመዱት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ፕሮፎርማው፣ ጋራዥ ጽፎ ወደሚሰጠው የዋጋ ግምት። እኔ እስካሁን ባየሁት ጎረቤት የሚጣላው ማን አጠፋ በሚለው አደለም፣ እሱ ብዙ ጊዜ በአስር ደቂቃ ያልቃል፣ የቆመ መኪና ተገጭቶ ምን ክርክር አለው። የሚያጣላው ስንት ያወጣል ነው። የነርሷ ቪትዝ ላይ እሷ የምታውቀው ጋራዥ ፓራውልቱም መብራቱም ተቀይሮ ከቀለም ጋር ወደ 60 ሺህ ብር ጻፈላት፣ የአባትየው ሰው ደግሞ ፓራውልቱን በሙቀት መልሰን ስቱኮ (ጎድጓዳውን የሚሞላ ልስን) አድርገን ቀብተን ከ20 ሺህ አያልፍም አለ፣ መብራቱን ከሶማሌ ተራ ያገለገለ እናመጣለን ብሎ። ሁለቱም አልዋሹም! አንዱ አዲስ እቃ ነው ያሰበው አንዱ ጥገና ነው ያሰበው። እሷ "ደህና መኪናዬን ነው የገጩት፣ በስቱኮ አልቀበልም" ትላለች፣ እሳቸው "የ20 አመት መኪና ላይ አዲስ ፓራውልት የት ይገኛል" ይላሉ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እና ቡና መጠራራት ቆመ።

የፍትሐብሔር ሕጉ (የ1952ቱ) ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ነው የሚለው፣ አንቀጽ 2091 ላይ። አባባሉ ቆንጆ ነው። ግን እኩል ማለት መኪናው ትናንት ወደነበረበት መመለስ ነው ወይስ አዲስ እቃ ማስገባት፣ ይሄን ጋራዥ በር ላይ ቆመህ ማንም አይነግርህም። ሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንኳን ቢከፍል በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ጋራዦችን ዋጋ ያወዳድራል፣ ዝቅተኛ ላቀረበው ይሰጣል፣ የተቀየረውን አሮጌ እቃ ደግሞ መልሶ ይወስዳል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ጋራዥ ስራው ምን እንደሚመስል የሰራ ያውቀዋል። አንድ ጎረቤታችን መኪናው ተሰርቶ ሲመጣ በሩ ጥላ ውስጥ ነጭ ነው፣ ፀሀይ ላይ ክሬም ነው።

ጋራዥን በተመለከተ አንድ ጥሩ ነገር ልናገር፣ እኛ አሁን ሰው የምንልክበት ቦዲና ቀለም ቤት አለ፣ ሰውየው አንድ ፕሮፎርማ ላይ ሁለት ዋጋ ይጽፋል፣ "ቢጠገን ይሄን ያህል፣ ቢቀየር ይሄን ያህል፣ ቢጠገን ጉድለቱ ይሄ ነው" ብሎ፣ ከዛ ሁለቱም ወገን ባሉበት ነው የሚያስረዳው። ላሜራውን በማግኔት እየነካካ "እዚህ ጋ ከበፊትም ስቱኮ ነበረ፣ ይሄኛው አዲስ ነው" ብሎ አሮጌውን ጭረት ከአዲሱ ይለያል። ይሄ ሰው ካስታረቃቸው ጎረቤቶች ቁጥር ሽማግሌዎቻችን ያስታረቁት አይበልጥም። ለሱ 5 ኮከብ። ቀጠሮ ግን አያከብርም፣ ሀሙስ ካለ ማክሰኞ ነው።

ቪትዝ ላይ እንደዚ ከተጣላን ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ምን እንደምንሆን አስቡት። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ግቢያችን በአይዲ 4 በአይዲ 6 በቢዋይዲ ሲጋል ተሞልቷል። ፓራውልቱ ውስጥ ሴንሰር አለ፣ ካሜራ አለ፣ የፊት መብራቱ ለብቻው የድሮ ሞተር ሳይክል ዋጋ ነው፣ እቃው ደግሞ እንደ ቶዮታ መርካቶ ሄደህ የምታነሳው አደለም፣ ታዞ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይመራ ከተባለ በኋላ ደግሞ የታዘዘ እቃ ዋጋ ዛሬና ከወር በኋላ አንድ አደለም፣ ፕሮፎርማው ላይ "ለ7 ቀን ብቻ የሚያገለግል" ተብሎ ይጻፋል፣ ጎረቤትህ ደግሞ ለመወሰን ሁለት ሳምንት ያስባል። ሶስተኛ ወገን የሚከፍለው ጣሪያ አለው ብያለሁ፣ ከጣሪያው በላይ ያለው ከገጪው ኪስ ነው። ቪትዝ የሚነዳ አስተማሪ አይዲ 6 ሲገጭ ያለውን ስሌት እናንተ ስሩት።

ሌላው የግቢ ጉድ የሚገፋ መኪና ነው። ቦታ ስለሌለ ሰው ከሌላ መኪና ፊት በኒውትራል አቁሞ የእጅ ፍሬን ሳይዝ ይተዋል፣ መውጣት የፈለገ ገፍቶ ይወጣል፣ አዲስ አበባ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጠዋት ስራ የረፈደባት ልጅና ጥበቃው የሰው ኮሮላ ገፉ፣ መሬቱ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ነው፣ መኪናው አመለጣቸውና የአይዲ 4 ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ክፍል) ላይ አረፈ። የኮሮላው ባለቤት ቤቱ ተኝቷል። ኢንሹራንሱ ጋ ፎርም ሲሞላ "የአሽከርካሪው መንጃ ፈቃድ ኮፒ" የሚል ቦታ አለ፣ የማን ይግባ? መሪው ጋ ማንም አልነበረም! ቆጣሪው ጋ ያለችው ልጅ ራሷ ስቃ "የጥበቃው አለው?" አለች።

ሕጉ ላይ መልሱ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አደለም። የፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢያንቀሳቅሰውም እንኳን፣ ተሰርቆብኝ ነበር ብሎ ካላስረዳ በቀር። ስለዚ ተኝቶ የነበረው ሰውዬ ከአይዲ 4 ባለቤት ፊት ተጠያቂ ነው፣ ከዛ በኋላ ገፊዎቹን መጠየቅ የሱ ጉዳይ ነው። ይሄን ስነግረው ለሳምንት አላናገረኝም። መኪናህን አጣቢ ልጅ ቢያንቀሳቅሰውም፣ ልጅህ ሳያስፈቅድህ ቁልፍ ወስዶ ግቢ ውስጥ ቢለማመድበትም ያው ነው። ሁለት የሚንቀሳቀስ መኪና ጠባብ መታጠፊያ ላይ ከተጋጨ ደግሞ አንቀጽ 2084 መነሻው እኩል ለእኩል ነው፣ የአንዱ ጥፋት መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ ትካፈላላችሁ፣ ማረጋገጫ ማለት ደግሞ ካሜራ ወይ ምስክር ነው፣ ጎረቤት ላይ ማን ይመሰክራል።

"እኔ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ፣ ጎረቤቴን ከማስቸግር በራሴ አሰራለሁ" ለምትሉ ደጎች ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው በጣም ትንሽ ነው። ኩባንያው መኪናህን ሰርቶ ከሰጠህ በኋላ በአንተ እግር ተተክቶ የገጨህን ሰው ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። እኛ ብሎክ ሆኗል። ባለመኪናዋ "ተወው ወንድሜ ኢንሹራንስ አለኝ" ብላ ጎረቤቷን አሰናበተችው፣ እሱም አመስግኖ በበዓል ዶሮ ሁሉ ይዞላት ሄደ፣ ከወራት በኋላ የኩባንያው ደብዳቤ መጣለት፣ ይሄን ያህል ብር ካልከፈልክ እንከስሃለን የሚል። እሱ የገባው እሷ ሳቅ እያለች ከኋላ እንደከሰሰችው ነው፣ እሷ ደግሞ ምንም አታውቅም፣ ክሌም (የካሳ መጠየቂያ ፎርም) ስትሞላ "ማን ገጨሽ" የሚል ቦታ ነበር ስሙን ጻፈች በቃ። ለማስረዳት ውሉን ይዤ ቤቱ ሄጃለሁ፣ ሰምቶኛል፣ ግን እስካሁን በሰላምታ ብቻ ነው ያሉት። የሚገርመው መፍትሄው ቀላል ነበር፣ እሱም ሶስተኛ ወገን ስላለው በጊዜው አሳውቆ ቢሆን ሁለቱ ኩባንያዎች እርስ በእርስ ይጨራረሱ ነበር። ሙሉ ኢንሹራንስ ያላችሁ ደግሞ የመኪናውን ዋጋ ከለወጣችሁ ስንት ጊዜ ሆነ? በድሮው ዋጋ የተመዘገበ መኪና ላይ ካሳውም በዛው ልክ ተቀንሶ ነው የሚመጣው፣ ልዩነቱን ደግሞ ማን ይሙላ ሲባል አሁንም ጎረቤት ላይ ነው የሚመለሰው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ከበረንዳ የወደቀ የአበባ ማሰሮ ወይ ዲሽ መስታወት ቢሰብር ሶስተኛ ወገን አያገባውም፣ መኪና አልገጨህማ፣ እዛ ላይ ቤቱን የያዘው ሰው ነው የሚጠየቀው (አንቀጽ 2080)፣ ተከራይ ከሆነ ተከራዩ ማለት ነው፣ ባለቤቱ ጋ ደውላችሁ አትጩሁ። ህጻን ልጅ በኳስ ስፖኪዮ ከሰበረ አባትየው ይጠየቃል፣ ለሱ ኢንሹራንስ ፍለጋ አትልፉ። ገጭቶ የጠፋ ሰው ካለ ደግሞ የመድን ፈንድ የሚባለው ለሞትና ለአካል ጉዳት ነው፣ ለተላጠ ቀለም ማንም ፈንድ የለውም። እና በሽምግልና ሲጓተት ጊዜው እንዳያልፍ፣ ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያው 2 አመት ነው፣ "ከፋሲካ በኋላ እከፍልሃለሁ" የሚል ጎረቤት ሁለት ፋሲካ ካሳለፈ እናንተ ናችሁ የምትቀሩት።

እና ልግዛው ወይ ካላችሁ፣ ግዴታ ስለሆነ ምርጫ የላችሁም። ስታድሱ ግን ቆጣሪ ላይ ስቲከሩን ተቀብላችሁ አትሩጡ፣ የንብረት ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ ተጨማሪ ከፍሎ ከፍ ማስደረግ ይቻል እንደሆነ፣ ግቢ ውስጥ ለሚደርስ ግጭት ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ፣ አደጋ ሲደርስ በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ እንዳለባችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ደግሞ ውሉ ላይ አሳይተው ያስምሩላችሁ። ሙሉውን የመግዛት አቅም ያለው ይግዛ፣ በተለይ ኤሌክትሪክ የያዛችሁ፣ የገጫችሁ ሰው ሶስተኛ ወገን ይበቃችኋል ብላችሁ አትመኑ።

የኛ ብሎክ ሰዎች ይሄን ካነበባችሁ፣ በኒውትራል የምታቆሙ ስልክ ቁጥራችሁን ዳሽቦርድ ላይ ተዉ፣ ጎማ ስርም ድንጋይ አድርጉ። ለፓርኪንግ ካሜራው መዋጮ ያልከፈላችሁም ክፈሉ፣ ከበሩ በኩል ያለው ብቻ ነው የሚሰራው፣ ዘቅዘቅ ያለው ጋ ገና አልተገጠመም።